ፊደል ገበታውን ወደ ኪቦርድ ማምጣት፦ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮምፒውተር መጻፍን ስለ ማስተማር

አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ «ሰላም» ብላ ለመጻፍ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጣለች። «ኤስ» የሚባለውን ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ ላይ «ስ» ብቅ አለ። እሷ የፈለገችው «ሰ»ን ስለ ነበር ተሳስቻለሁ ብላ አጠፋችው፤ እንደገና ተጫነች፤ እንደገና «ስ» መጣ። በሦስተኛው ሙከራ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ወደ እኔ ዞረችና «ቲቸር፣ ይሄ ኮምፒውተር ሰላም መጻፍ አይችልም» አለችኝ። ልጅቷ አንድም ስሕተት አልሠራችም፤ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁማው ነው። «ስ» ከወጣ በኋላ «ኢ» (E) የሚባለውን ቁልፍ ብትጨምር ኖሮ «ስ» ዓይኗ እያየ ወደ «ሰ» ይለወጥላት ነበር። ይህን አስቀድሜ ልነግራት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የጨረስኩት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚደምቅና ቀለሙ እንዴት እንደሚቀየር በማስረዳት ነበር።

ለጀማሪ ልጆች የተዘጋጁ አብዛኞቹ የኮምፒውተር መማሪያዎች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። መነሻቸው እንግሊዝኛ ነውና ፊደል የቆጠረ ልጅ ፊደሉን ኪቦርዱ ላይ ፈልጎ እንደሚያገኘው አድርገው ይወስዱታል፤ «ቢ»ን የሚያውቅ ልጅ «ቢ» የተጻፈበትን ቁልፍ አይቶ ይጫናል። የአማርኛ ተማሪ ግን «በ»ን ኪቦርዱ ላይ ቢፈልግ አያገኘውም። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ልጅ ወርድን ወይም ሌላ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከመማሩ በፊት ሊገባው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ኪቦርዱ ፊደሉን ከሁለት ቁልፎች እንዴት እንደሚያወጣው ነው። ይህ ሳይገባው የሚማረው ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ይሆንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 ድምፅ ስላላቸው ገበታው ላይ 231 ፊደል ተደርድሯል፤ እነ ሏ፣ ቧና ቋ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለፊደል የተመደቡት የኪቦርድ ቁልፎች ግን 26 ናቸው። ይህ ችግር ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። የአማርኛ ታይፕ ራይተር በመሥራት ስማቸው ከሚነሣው ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ መሣሪያውን የሞከሩት ሁሉ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ስለ ነበር፣ መፍትሔው ዋናውን ፊደል አንድ ጊዜ፣ የድምፁን ቅጥያ ደግሞ ሌላ ጊዜ መምታት ሆነ፤ በዚያ ዘመን በታይፕ የተመታ ደብዳቤ ያየ ሰው ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብላ የቆመችውን ቅጥያ ያስታውሳል። ኮምፒውተር ቅጥያ አይለጥፍም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር መዝገብ) ሦስተኛ ቅጂ ውስጥ ሲካተት «ለ»፣ «ሉ» እና «ሊ» ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ልጁ ሁለተኛውን ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ «ል»ን አንሥቶ በቦታው «ሊ»ን ያስቀምጣል። ለልጆች ይህን ሁሉ ማውራት አያስፈልግም። «የመጀመሪያው ቁልፍ ቤተሰቡን ይጠራል፤ ሁለተኛው ከቤተሰቡ ውስጥ የምንፈልገውን ልጅ ያመጣል» ማለት ይበቃል።

ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የተሻለው መርጃ መሣሪያ አብዛኛው የአንደኛ ደረጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚገኘው ፊደል ገበታ ነው። ገበታውን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አምጥቶ ከየዓምዱ ራስ ላይ የድምፁን ቁልፍ በወፍራም እስክሪብቶ መጻፍ ነው። በድምፅ ላይ ተመሥርተው በተሠሩት በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ሳድሱ ሁለተኛ ቁልፍ አይፈልግም፤ ተነባቢውን ብቻ ሲጫኑ ይወጣል። ግዕዙ በ«ኢ» (E)፣ ካዕቡ በ«ዩ» (U)፣ ሣልሱ በ«አይ» (I)፣ ራብዑ በ«ኤ» (A)፣ ሳብዑ በ«ኦ» (O) ይመጣል፤ ኃምሱ ደግሞ ሺፍትን ይዞ «ኢ»ን በመጫን። ከዚህ ሥርዓት የ«አ» ቤተሰብ ትወጣለች፤ የራሷ ተነባቢ ቁልፍ ስለሌላት በድምፆቹ ቁልፎች በቀጥታ ትጻፋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ አንባቢው እንዳስተዋለው የቁልፎቹ ስምና የሚሰጡት ድምፅ አይገጥሙም። «ኢ» ብለን የምንጠራው ቁልፍ ግዕዝን ይሰጣል እንጂ ሣልስን አይሰጥም፤ «ሊ» ለመጻፍ «አይ» የተባለውን፣ «ላ» ለመጻፍ «ኤ» የተባለውን መጫን ግድ ነው። አዋቂ ሰው ይህን ከእንግሊዝኛ ልምዱ ተነሥቶ ሳያስበው ያልፈዋል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን «ሊ» ጻፍ ሲባል አፉ «ኢ» ስለሚል እጁም ወደ «ኢ» ቁልፍ ይሄዳል፤ የሚያገኘው «ለ»ን ነው። ብዙ አስተማሪዎች ልጁ እንዳላጠና ይቆጥሩበታል። እኔ ያገኘሁት መውጫ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቁልፎቹን የእንግሊዝኛ ስም ጨርሶ አለመጥራት ነው። አምስቱን የድምፅ ቁልፎች ለይቶ ትንንሽ ወረቀት መለጠፍና «የግዕዝ ቁልፍ»፣ «የካዕብ ቁልፍ» እያሉ መጥራት ግራ መጋባቱን ይቀንሰዋል፤ ልጆቹም ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለውን ስም ከቃል ጥናት አልፈው በሥራ ላይ ያውሉታል።

ለመለማመጃ የሚሆን ዐረፍተ ነገር መፈለግ አያደክምም፤ አበበ በሶውን መብላት ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው። «አበበ በሶ በላ» 7 ፊደል ሲሆን የሚጻፈው ባዶ ቦታውን ሳይጨምር 13 ጊዜ ቁልፍ በመጫን ነው፤ ከ«አ» በቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ ሺፍት ግን አንድም ጊዜ አያስፈልግም። ይህ ሲለመድ «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ይከተላል። እሱም 7 ፊደል ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ የ«ጨ» ዘሮች፣ «ቤ» እና «ጠ» ሺፍት ስለሚፈልጉ ልጁ አምስት ጊዜ በአንድ እጁ ሺፍትን ይዞ በሌላው መጫን አለበት። በእንግሊዝኛ ሺፍት ትልቁን ፊደል ማውጫ ነው፤ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ይኸው ቁልፍ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ቸ»ን ከ«ጨ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» ለመለየት ይውላል። ልጁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የተማረውን ይዞ ስሙን በትልቅ ፊደል ለመጀመር ሺፍት ሲጫን «ተስፋዬ» የነበረው «ጠስፋዬ» ይሆንበታል። ክፍሉ ይስቃል፤ ይሳቅ፤ ያ ትምህርት አይረሳም።

አስተማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአማርኛ መጻፊያዎች የአጻጻፍ ሥርዓታቸው አንድ አለመሆኑ ነው፤ በአንዱ ሳድስን የሚሰጠው ቁልፍ በሌላው ግዕዝን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት መጻፊያ ሊጫንባቸው ይገባል፤ ያለዚያ ዛሬ በአንዱ የለመደ ልጅ ነገ በሌላው ላይ ሲቀመጥ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለተኛው ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ጉዳይ ነው። እነዚህ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል መልክ በአማርኛ ፊደል መልክ የሚሸፍኑ እንጂ ለኮምፒውተሩ አማርኛ የሚነግሩ ስላልሆኑ፣ ፎንቱ የሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ይታያል። ልጁ የደከመበትን ጽሑፍ ለወላጁ ሊያሳይ ቤቱ ወስዶ ያን ማየት የለበትም።

ስለ ጣት አቀማመጥ ብዙ አልልም። «ኤፍ» እና «ጄ» ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰስ ጉብታ አለ፤ ሁለቱ አመልካች ጣቶች እዚያ እንዲያርፉ ማስለመድ ጥሩ ነው። ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ትንሽ ነው፤ በዐሥር ጣት ሳያይ እንዲጽፍ ማስጨነቅ ትርፉ ልጁን ማስጠላት ብቻ ነው። ፍጥነትን መለካት ለኋለኞቹ ክፍሎች ይቆይ።

ፊደሉ እሺ ካለ በኋላ የሚመጣው ዋና ቁም ነገር ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ደብተር ላይ ካለው በምን እንደሚለይ ማሳየት ነው። ደብተር ላይ የተጻፈ ቃል ቦታው አይነቃነቅም፤ መስመሩ ሲያልቅም ልጁ ራሱ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ኮምፒውተር ላይ ግን መስመሩ ሲሞላ ጽሑፉ በራሱ ይወርዳል። ይህን ያልተነገረው ልጅ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተርን ይጫናል፤ ርእሱን መሐል ለማድረግ ደግሞ ስፔስን ደጋግሞ እየተጫነ ይገፋዋል። አንድ ተማሪ ለአያቱ በጻፈው ደብዳቤ ቀኑን ወደ ቀኝ ጥግ ለመውሰድ ከሃያ ጊዜ በላይ ስፔስ ተጭኖ ነበር። ደብዳቤው ሲታይ ያምራል። «ፊደሉን እስቲ ትንሽ አተልቀው» አልኩት። አንድ ጊዜ ክሊክ ሲያደርግ ቀኑ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ፤ «ይድረስ ለውድ አያቴ» የሚለው ለሁለት ተከፈለ፤ ከዚያ በታች ያሉት መስመሮችም አንዱ ረዥም አንዱ የሁለት ቃል እየሆኑ ተበታተኑ። ልጁ ደነገጠ። እኔም የተደበቁትን ምልክቶች የሚያሳየውን ቁልፍ ጫንኩለትና በየስፔሱ ነጥብ፣ በየኢንተሩ ደግሞ የአንቀጽ ምልክት እንዳለ አሳየሁት። ለዓይን ባዶ የሚመስለው ቦታ ለኮምፒውተሩ እንደ ፊደል የሚቆጠር ነገር መሆኑን በቃል ከማስረዳት ይልቅ እነዚያን ነጥቦች አንድ በአንድ ማስቆጠር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ የማስጠጊያውንና ወደ መሐል የማምጫውን ምልክት ማሳየት ነው፤ አሁን ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ሥርዓተ ነጥብም የሚማረው እዚሁ ላይ ነው። በእጅ ሲጽፉ ከአራት ነጥብ በፊት ጥቂት ክፍተት መተው የለመዱ ልጆች ኮምፒውተር ላይም ስፔስ ካስገቡ በኋላ «።»ን ያስቀምጣሉ። ዐረፍተ ነገሩ መስመሩ ጫፍ ላይ ካለቀ፣ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ስፔስን እንደ ቃል ድንበር ስለሚያይ «።»ን ራሱን የቻለ ቃል አድርጎት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ነጥቡ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ ስፔስ ከነጥቡ በኋላ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ደርድሮ አራት ነጥብ ማስመሰል ነው። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ያንኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን እውነተኛውን «።» ስለሚያመጣ፣ ልጁ አስመስሎ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ ሲረሳው ነው።

ከዚህ ሁሉ የኮምፒውተር ጽሑፍን ጥቅም ለልጆች ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ቆርጦ መለጠፍ ነው። ለዚህ ልምምድ የቡና አፈላልን ቅደም ተከተል እወዳለሁ፤ ከቤቱ የማያውቀው ልጅ ጥቂት ነውና። አስተማሪው ስድስት ዐረፍተ ነገር አዘበራርቆ ይጽፋል፤ ቡናው ይወቀጣል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ ቡናው ይታጠባል፤ በሲኒ ይቀዳል፤ ይቆላል፤ የተወቀጠው ቡና ጀበናው ውስጥ ይጨመራል። ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይጽፉ በመምረጥ፣ በመቁረጥና በመለጠፍ ብቻ ያስተካክሉታል። የመጀመሪያው ችግር መምረጡ ላይ ይመጣል፤ ስልክ በጣት መንካት የለመደ ልጅ ማውዝን ተጭኖ መጎተት ይከብደዋል። ሁለተኛው የቆረጡት ነገር የት እንደሚሄድ አለማወቅ ነው። ኮምፒውተሩ የቆረጥነውን በመዳፉ ይዞልናል፤ መዳፉ ግን አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። የመጀመሪያውን ሳይለጥፍ ሁለተኛውን የቆረጠ ልጅ የመጀመሪያውን ይጥለዋል፤ ቡናው ሳይቆላ ይቀራል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮንትሮልን ይዞ «ዜድ»ን መጫን የተደረገውን ወደ ኋላ እንደሚመልስ ይነገረዋል። ልጆች ስሕተት እንደሚመለስ ካወቁበት ቀን ጀምሮ ኪቦርዱን በድፍረት ይነካሉ፤ ከዚያ በፊት የሚያስጨንቃቸው አበላሸሁት የሚለው ፍርሃት ነው።

ሴቭ ማድረግን ለማስረዳት ሰሌዳንና ደብተርን የመሰለ ምሳሌ አላገኘሁም። እየተጻፈ ያለው ነገር ሰሌዳ ላይ እንዳለ ነው፤ ሁሉም ያየዋል፤ ተረኛው አስተማሪ ሲገባ ግን ይጠረጋል። ሴቭ ማድረግ ሰሌዳ ላይ ያለውን ደብተር ላይ መገልበጥ ነው። አንድ ጊዜ ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሰፈራቸው ሲጽፉ ቆይተው መብራት ሄደ፤ ማንም ሴቭ አላደረገም ነበር፤ ሁሉም ነገር ጠፋ። በእርግጥ ማይክሮሶፍት ወርድ ሌላ ካልታዘዘ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል፤ ይሁንና መጠባበቂያውም የሚያተርፈው እስከተያዘበት ደቂቃ ያለውን ነው፤ ለአንድ ልጅ ደግሞ 10 ደቂቃ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየአንቀጹ መጨረሻ «ገልብጡ» ስል ሁሉም ኮንትሮልንና «ኤስ»ን ይጫናሉ። የፋይሉ ስም ላይም ቸል ማለት አይገባም፤ «ዶክመንት1» የሚባል ፋይል በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ልጆች ሲኖሩት የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ስምና ክፍል መጻፍ ይበቃል።

የኮምፒውተር እጥረት ባለበት ክፍል ሦስት ልጆች በአንድ ስክሪን ፊት መቀመጣቸው አይቀርም፤ ሥራ ከተከፋፈሉ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። አንዱ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከወረቀት ያነብለታል፤ ሦስተኛው ስክሪኑን እያየ የተሳተውን ፊደል ይጠቁማል፤ በየሰባት ስምንት ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። አራሚው ብዙ ጊዜ ከጻፊው ይበልጥ ይማራል። ኮምፒውተሩን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያገኙ ደግሞ ካርቶን ላይ ኪቦርድ ሥሎ ማስለመድ ይቻላል። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»ን ካርቶን ላይ በጣቱ የተለማመደ ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ሲደርስ ፊደል ፍለጋ ጊዜውን አያጠፋም።

ማድመቅ፣ ማስመርና ቀለም መቀየር መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ልጆች እነዚህን ማንም ሳያሳያቸው ያገኟቸዋል። ይልቅስ አንዳንድ ጊዜ በአማርኛው ጽሑፍ ሥር የሚሰመረው ቀይ መስመር ቢብራራላቸው ይሻላል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን በሌላ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሊያርመው ሲሞክር እያንዳንዷን ቃል ስሕተት ይላታል፤ ልጁም በትክክል የጻፈውን ያጠፋል። መስመሩን አጥፍቶ እርማቱን ለአስተማሪውና ለጓደኛው መተው ነው። «ሠ» ወይስ «ሰ»፣ «ፀ» ወይስ «ጸ» የሚለውን ክርክር ደግሞ ልጆቹ ሁለቱም ቁልፍ እንዳላቸው ሲያዩ ራሳቸው ያነሡታል፤ የአማርኛ አስተማሪውን ጠርቶ ማወያየት እንጂ ማድበስበስ አይገባም።

በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የሚማሩ ልጆች ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። እነሱ ኪቦርዱን አገር ቤት ካለ እኩያቸው ይልቅ ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው ፊደሉና ድምፁ ነው። «ጠ»ን ከ«ተ» በጆሮው የማይለይ ልጅ ግን ሺፍት መጫን አለመጫኑን ለመወሰን ሲል ቃሉን ደግሞ ደጋግሞ መስማት ይኖርበታል፤ እንዲህ ባሉ ክፍሎች ኪቦርዱ ራሱ የንባብ አስተማሪ ይሆናል።

ልጆቹ መማራቸውን ለማወቅ አትሞ የወጣ ቆንጆ ገጽ መቀበል አያስተማምንም፤ ከሃያ ጊዜ በላይ ስፔስ የተጫነው ደብዳቤም ሲታተም ያምር ነበር። እኔ የምፈትነው አበላሽቼ ባዘጋጀሁት አንድ ገጽ ነው። ርእሱ በስፔስ የተገፋ፣ ሁለት አንቀጾቹ ቦታ የተቀያየሩ፣ አንድ «ጠ» በ«ተ» የተተካበትና አንድ አራት ነጥብ ብቻውን መስመር መጀመሪያ ላይ የቆመበት ነው። ከዚያ ከኋላቸው ቆሜ እጃቸውን አያለሁ። አራት ነጥቡን ለመመለስ ከበላዩ ያለውን መስመር በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጽፍ ልጅ ገና ነው፤ ጠቋሚውን ከነጥቡ ፊት አድርጎ አንዲቷን ስፔስ ብቻ የሚያጠፋው ግን ወደሚቀጥለው ትምህርት ማለፍ ይችላል።